ባዶው መሶብ

ልጄ በቴሌቪዥን የውጭ የፍቅር ኮሜዲ ታያለች። «አሁንማ ሁሉም ዓይነት ሰው ይታይበታል» ትለኛለች። ነጮቹ ፍቅረኛሞች ይጎራረሳሉ፤ እኔ ግን ሳህኑን ያቀረበችውን ጥቁር አስተናጋጅ አያለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አስቂኝ የፍቅር ቲያትር ሲያዘጋጅ የሙሽራዋን ቃል በሙሉ ያጠናሁት እኔ ነበርሁ። መጨረሻው ላይ ሙሽራዋ ሙሽራውን ታጎርሰዋለች። ሙሽራ የሆነው ልጅ «ከወይጦ እጅ አልጎርስም» አለ። ሰዉ በእኛ በወይጦዎቹ ታንኳ ሐይቁን ይሻገራል፤ የነካነውን ግን አይበላም ነበር። አሠልጣኛችን ግድግዳው ላይ ከተጻፈው «እኩልነት» ሥር ቆሞ ትንሽ አሰበና የቤት ሠራተኛዋን አደረገኝ። መሶብ ተሸክሜ ገባሁ፤ ባዶ መሶብ። እንጀራውን አዲሷ ሙሽራ ከነጠላዋ ሥር አወጣችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በማግስቱ አያቴ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው የደንገል ታንኳ ያስሩ ነበር።

«መሶቡ ከበደሽ?» አሉኝ።

«ባዶ ነበር፣ አባባ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከበደሽ ወይ ነው ያልሁሽ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ደንገሉን አቀብላቸው ጀመር።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጄን የአስተናጋጇን ስም ጠየቅኋት።

«ስም የላትም እኮ፣ እማዬ» አለችኝ እየሳቀች።