ልጠይቅሽ ነው

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከራቤል ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ተመደብኩ። ብቻዬን። ረዳት ይላክልሻል ተብዬ ነበር፤ ረዳቱ ሳይመጣ እኔው ተዛወርኩ። ካርድ ጻፊዋም፣ መርፌ ቀቃይዋም፣ አዋላጇም፣ ወለል ጠራጊዋም እኔ። ሰዉ ግን «ዶክተሯ» ይለኛል። እኔ ሞቅ ካለችው ከዓለም ከተማ የመጣሁ ነኝ፤ የጓሳው ደጋ ንፋስ በሣር ክዳኑ ሾልኮ እየገባ አጥንቴን ሲሰብረው ይከርማል።

አንድ ክረምት ታመምኩ። ሳል፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት። በሩን ዘግቼ ልተኛ ብል ማን ይክፈተው? እዚያ አገር ሰው ታመመ ከተባለ መንደሩ በሙሉ ሊጠይቅ ይጎርፋል። እኔ ዘንድ ግን ዝር ያለ የለም። ጎረቤቴን «አሞኝ እኮ ነው» ብላት «ሐኪም ደሞ ይታመማል?» ብላ ሳቀችብኝ። ወይ ጉድ! መድኃኒቱ እኔ ጋ ስላለ በሽታው የሚፈራኝ መስሏቸዋል።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ይዛ መጣች። በየቀኑ መርፌ ይወጋል አልኳት በሹክሹክታ። ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር ሰላምታዋን የመለስኩት ጭንቅላቴን ነቅንቄ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሰላምታ ያሳጠረ ሰው ተቀይሟል ማለት ነው። ሁለት ቀን መጥታ ቀረች። መርፌው ከተቋረጠ ልጁ እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ቤቷ ከገደሉ ማዶ ነው፤ እንዳልሄድ ታምሜያለሁ፣ የምልከው ሰው የለኝም። በሩን እያየሁ ዋልኩ። ብቸኝነቴን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የበግ ፀጉር ባና የደረቡ አንዲት አሮጊት ገቡ።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ጥያቄ የሚመልስ ጉሮሮ የት አለኝና! «ይጠይቁኝ እማማ፣ ግን ቶሎ ይበሉ» አልኩ።

«ኧረ የኔ ልጅ! ምን አውቄ ምን እጠይቅሻለሁ? አንቺኑ ልጠይቅ ነው እንጂ። ምራቴ ‹ተቆጥታናለች፣ አልሄድም› አለች። ‹ታስላለች ወይ?› አልኳት። ‹ታስላለች› አለችኝ። እንግዲያማ ታማለች አልኩ።»

ከባናው ሥር አጥሚት የሞላ ቅል አወጡ፤ ገና ትኩስ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ልጁስ?» አልኩ።

«ከእናቱ ጋር ውጭ ነው። ፊትሽን አይቼ ልጥራቸው ብዬ ነው።»

«ይጥሩልኛ፣ በሞቴ!»

«መጀመሪያ ጠጪ» አሉ። ቆመው አጠጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ምራታቸውን ጠሩ፤ ልጁን ወጋሁት። ክሊኒኩን በጩኸት አናጋው፤ እንደዚያ ጩኸት ደስ ያለኝ ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ሳይቀር መርፌውን ጨርሶ ዳነ።

የዚያን ቀን ሊሄዱ ሲሉ አሮጊቷ ልጁን «እግዜር ይማርህ» አሉት። ይህን ቃል በዚያ በር ላይ ቀን በቀን እሰማዋለሁ፤ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺንም ይማርሽ።»

አሜን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሳሉ ቀደመኝ።