ያላነበብኩት ስም

በቀደም፣ በጦርነት የወደቁ ወታደሮች በሚታሰቡበት ቀን፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን ከትንሿ ልጄ ከሰብለ ጋር ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ዝግጅቱ ደህና ነበር። ሻማ በራ፣ የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ፣ አንድ ወጣት መኮንን ወረቀት ይዞ ወጣና የሟቾችን ስም ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«አባዬ፣ ለሞተ ሰው እንኳ ክብር የለህም?» አለችኝ።

ልጆቼን «ለሰው ክብር ስጡ» እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝና ንግግሯ ቆረጠኝ። ልጆቼ የማያውቁትን ነገር የዚያን ዕለት ነገርኳት። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከባቡር ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከተገኘው ሁሉ። ጮክ ብዬ ስለማነብ ድምፄ ተገራ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ መመሪያና መግለጫ የማነበው እኔ ሆንኩ። ለልጆቼ ሁልጊዜ አንብቡ፣ ራሳችሁን አስተምሩ እላለሁ። ማንበብ ብቻውን ግን ሰውን ሐቀኛ አያደርገውም። ይህን በራሴ አይቻለሁ።

ደረጀ ጎረቤቴና ጓደኛዬ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ እየተጫወትን ነው ያደግነው። እናቱ እትዬ ዘነበች ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኖ የሞተባቸው፣ ከእሱ በቀር ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ የሁለታችንም ስም ተጻፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር የእኔን ሰረዘው። «አንተ ለማንበብ ታስፈልገናለህ» አለኝ። አልተከራከርኩም፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ። ደረጀ በወታደር መኪና ላይ ሆኖ ሲሄድ «አቦ አንተ አንብብ፣ እኔ እተኩሳለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

ወደ ሰሜን ተላከ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። እናቱ ማንበብ አይችሉም ነበርና ሁለቱንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የሰማዕታት መታሰቢያ ቀን ይከበራል ተባለ። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ይመዘገባል። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ባለው ሜዳ ላይ ቀድሞ የመጣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ቦታ ያዘ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ቆመ። መዝሙር ተዘመረ፤ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጮኻል። ሊቀመንበሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ከላይ የመጣ የሰማዕታት ዝርዝር ነው። ረጋ ብለህ አንብብ።»

ገለጥኩት። አሥራ አንድ ስም ነበር። ሰባተኛው ደረጀ ነው።

እኛ ዘንድ ሞት እንዲህ አይነገርም። መርዶ የራሱ ወግ አለው። የዕድር ሽማግሌዎች ሊነጋጋ ሲል ይሄዳሉ። እናትየዋን ለምትይዝ ጎረቤት ቀድሞ ይነገራታል። ሰው በደጅ ይሰበሰባል። ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ነው ይህ ሁሉ።

ወደ ሊቀመንበሩ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እናቱ እኮ ገና አልተረዱም» አልኩት።

«ለሰማዕት መርዶ የለም፣ ጓድ። ክብር ነው። አንብብ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ስድስተኛውን ስም ጨርሼ ቀና ስል እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። ኒሙ ሥር ቆመው አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብለዋል። በስምና በስም መካከል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይጸልዩ ነበር።

ስምንተኛውን አነበብኩ።

ሊቀመንበሩ ከአውራጃ ከመጣ እንግዳ ጋር ያወራ ነበርና ልብ አላለም። ሕዝቡ ሲበተን እትዬ ዘነበች መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አነበብከው?»

«ሁሉንም፣ እትዬ።»

«አንድም አልዘለልክም?»

«አንድም።»

ግንባሬን ሳሙኝ።

ለብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት «አዝኜላቸው ነው» ብዬ ነው። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። እኔ በተሰረዝኩበት ዝርዝር የሄደ ልጅ ነበር፤ ስሙን ብጠራ ሜዳው ሁሉ ዞሮ እኔን እንደሚያይ አውቅ ነበር።

እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው በሕይወት ካለ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ይዘው በእግራቸው ሊወጡ ተስለው ኖሯል። ለታኅሣሡ ንግሥ ሲነሱ ጥላውን እንድሸከምላቸው ጠየቁኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ሳምቡሳ ሻጭ ነበሩ። የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ያውቁ ነበርና ለመንገዳችን የምስር ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው አመጡ።

«አቦ ዘነበች፣ ሙሽራ መሰልሽ እኮ» አሏቸው።

«ሙሽራውስ ልጄ ነው። ሲመጣ እድረዋለሁ፤ ያኔ ሳምቡሳሽን በጆንያ ነው የማስመጣሽ።»

የደንገጎን ዳገት ስንያያዘው ገና አልነጋም ነበር። ከኋላችን ድሬዳዋ በሙቀቷ ተኝታለች፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። መንገዱ በስለተኛ ተሞልቷል፤ ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ በጉልበቱ የሚሄድ አለ። ባረፍን ቁጥር «አሁን እነግራቸዋለሁ» እላለሁ። እሳቸው ደግሞ ደረጀ ሲመለስ የት ሥራ እንደሚገባ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ ያወሩኛል።

«እንደ አንተ አሳምሮ ማንበቡን ታስተምረዋለህ፣ አይደል?»

«አስተምረዋለሁ፣ እትዬ።»

ጥላውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሲያስረክቡ እልል አሉ። ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

ጥር ላይ ሊቀመንበሩ ለሰማዕታት ቤተሰቦች የምስክር ወረቀት ሲያዘጋጅ፣ አንዷ እናት እስካሁን ለልጃቸው እንዳላለቀሱ ተነገረው። ያኔ ሽማግሌዎቹን ላከ። ሊነጋጋ ሲል በራቸውን አንኳኩ። አዴ ዘይነባም አብረው ነበሩ። እትዬ ዘነበች ግን አልደነገጡም፤ ሽማግሌዎቹን አስቀመጧቸው።

«ተሳስታችኋል። መንግሥት ራሱ በሕዝብ ፊት አስነብቧል፤ የልጄ ስም የለበትም። ያነበበውን ልጅ ጥሩልኝ፣ ይመስክርልኝ።»

ተጠርቼ ገባሁ። እትዬ ዘነበች እንደ ጠበቃቸው ነው ያዩኝ።

«በል፣ ንገራቸው» አሉኝ።

«ነበረበት፣ እትዬ። ሰባተኛው ነው። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

አላለቀሱም። «ቁልቢ ስንወጣ ታውቅ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«እልል ስል?»

«አዎ።»

«ከቤቴ ውጣ። ድንኳኔ ሥር እንዳላይህ።»

ጩኸታቸውን የሰማሁት ግቢውን ለቅቄ ስወጣ ነው።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ እስላም ክርስቲያን አይባልም፤ የተጣላ ሰው እንኳ የሚታረቀው ድንኳን ውስጥ ነው። እኔ ሦስቱንም ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን አዴ ዘይነባ ባልዲ ይዘው ሲያልፉ አጠገቤ ቆም አሉ።

«ወላሂ፣ ክፉ ልጅ እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን ሦስት ወር አስቀሃታል። ያን ሳቅ አሁን የት ታድርገው?»

ባልዲውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

እትዬ ዘነበች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። መንገድ ላይ ሰላም ስላቸው ይመልሱልኛል። ወረቀት ሲመጣላቸው ግን በቤቴ ደጅ አልፈው፣ ሦስት ቤት ተሻግረው ለሌላ ሰው ያስነብቡ ነበር። ሲሞቱም ድንኳናቸው ውስጥ አልገባሁም፤ ክልከላውን ሊያነሳልኝ የሚችል ሰው አልነበረምና።

ሰብለ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ጥፋቱ የዘመኑ ነው ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዛሬ ሁሉንም በደርግ ላይ መጫን ቀላል ነው። ልጅ ወስዶ ወረቀት የመለሰ ዘመን ነበር፣ ሊቀመንበሩም ጨካኝ ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ። ያን ውሸት ግን ማንም አላዘዘኝም። የታዘዝኩትማ እንዳነብ ነበር። ለአንዲት እናት ልጇ መሞቱን ማወቅ እንደሚገባት፣ እንደማይገባት፣ በሃያ አንድ ዓመቴ ብቻዬን ፈረድኩ። ያውም ፍርዱ ለእኔ የሚመቸኝ ሆኖ።

«ልጅ ነበርክ እኮ» እንዳትለኝም ፈርቼ ነበር። አላለችም። «እኔም ብሆን አስወጣህ ነበር» አለችኝ።

ደህና አድርጌ እንዳሳደግኋት ያን ጊዜ አወቅሁ። ደስ ግን አላለኝም።