ለፈንታው እጅ የተመረጠ ብረት

ፈንታው ዓይኑ እየከዳው መሆኑን ከሚስቱ ከአማረች በቀር ለማንም አልተናገረም። ለእሷም ቢሆን የነገራት አንድ ጠዋት ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ሲቀዳ ስላየችው ነው። በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሲያስተምር የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰፈሩ እድር ዳኛ የሆነ ሰው ነበር። ሰው በድምፁ እየለየ፣ ሰላምታን ቀድሞ እየመለሰ ነገሩን ደብቆ ቆየ።

ጅማ ሄደው ሐኪም አዩ።

«የዓይን ግፊት ነው» አላቸው ሐኪሙ። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታውን አያቋርጡ።»

ጠብታው ሚዛን ላይ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። የቀረውም ብርሃን ቀስ በቀስ ሄደ።

ቤታቸው ፎቅ ነው፤ ታቹ ብሎኬት፣ ላዩ እንጨት። የሚተኙት ላይ ሲሆን መውጫው በግቢው በኩል የቤቱን ጎን ተጠግቶ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ሲሠራ መደገፊያ ይደረግለታል ተብሎ ነበር፤ እንደተባለ ቀረ። እዚያ አገር ዝናቡ መቼ ይለቃል? ደረጃው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ያዳልጣል።

«ታች ወርደን እንተኛ» አለችው አማረች።

«ታች የሚተኛ በሽተኛ ነው» አላት።

እሷም መደገፊያ ፍለጋ ወጣች። ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። መጀመሪያ አናጢ ዘንድ ሄደች፤ አናጢው ቀረሮ የሚባል እንጨት አሳያት። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ለእጅም አይቀዘቅዝም። ግን ዝናቡን አሰበች፤ ከውስጥ በስብሶ እሱ ክብደቱን የጣለበት ቀን ቢሰበርስ? ትታው ወደ በያጁ ወደ ሲሞን ሄደች።

ሲሞን እዚያው ቤንች ተወልዶ ያደገ፣ ፊደል በፈንታው እጅ የቆጠረ ሰው ነው። በከተማው የተወደደውን ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ መሃሉ ላይ አበባ የተበየደበትን አሳያት። አማረች ዓይኗን ጨፍና እጇን አስኬደችበት። ማዕዘኑ መዳፏን ከረከራት፤ አበባው ጋ ስትደርስ ጣቷ ተያዘ።

«እትዬ፣ ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?»

«እጅ ሳይላቀቅ ከላይ እስከ ታች የሚወርድበት።»

ሲሞን ሌላ አልጠየቃትም። አስተማሪው በመንገድ ላይ አጠገቡ ሲያልፉ እንደማያዩት ካስተዋለ ቆይቷል።

በማግስቱ የዶማ እጀታ ይዛ ተመለሰች። ፈንታው የጓሮውን ቡና ሲኮተኩትበት የኖረ፣ በመዳፉ የለሰለሰ እጀታ ነው።

«ውፍረቱ ይህን ያህል ይሁን፤ እጁ ያውቀዋል» አለችው። «ደግሞ ደረጃው ሲያልቅ አብሮ እንዳያልቅ። አንድ ክንድ ወደ ፊት ይለፍ። ብረቱ አለቀ ብሎ እጁን ሲለቅ እግሩ መሬት ላይ መሆን አለበት።»

ሲሞን ክብ ቱቦ ፈልጎ እንዳለችው አድርጎ ሠራው። የተተከለ ዕለት አማረች በካፊያ ዓይኗን ጨፍና ወጣች፣ ወረደች። እጇ የትም አልተደናቀፈም። ፈንታውም ብቻውን ይወጣና ይወርድ ጀመር።

ጫፉ ግን ወደ ግቢው ወጣ ብሎ የቀረ ነበር። አንድ ቀን ባየ የሚባል የእድሩ አባል ሲገባ ጎኑን መታው።

«ጋሽ ፈንታው፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ቤቱ ውስጥ ዕውር አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ባየ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፈንታውም አብሮት ሳቀ።

በዚያው ሰሞን አማረች ለእህቷ ለቅሶ ቴፒ ሄደች። ስትመለስ ብረቱ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች በላይ ቀርቷል። ጫፉ እንደ ሌላው ሰው ቤት ብረት ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«ማን አስቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፈንታው።

«ለምን?»

«ሰው ይጠይቀኛል።»

«ይጠይቅ። ንገረው።»

«ከዚያማ ዳኝነቱን አስረክብ፣ ምርኩዙን ያዝ ነው። ምን ይቀረኛል?»

 ሲነጋ ግን ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ፣ እሱ ራሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ሄደሽ ለሲሞን ንገሪው፤ ቁራጩ ይመለስ» አላት።

ሲሞን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ እትዬ። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«ቁራጩ አለ?»

«አለ። ግን መብራት የለም። ዛፍ ወድቆ መስመሩን ጥሎታል ይላሉ። እንደመጣ ዛሬ ነገ አልልም።»

መብራቱ ሳይመጣ ሰነበተ። አማረች በየጠዋቱ እየሄደች ትጠይቃለች፤ የቀረውን ቀን የባሏን ክንድ ይዛ ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ «እስክመለስ እንዳትነሳ» አለችው። እሺ አላት።

እሷ እንደወጣች ሰው ሞቶ ከበር ተጠራ። እድር የሚያስነግረው ዳኛው ነው። መልእክተኛው፣ «ልምጣ?» ብሎ ጮኸ፤ ፈንታው፣ «ቆይ፣ እኔው እወርዳለሁ» አለ። ብረቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ወረደ። ብረቱ ሲያልቅ እንደለመደው ለቀቀና መሬት የሚረግጥ መስሎት ተራመደ።

ዳሌው ተሰበረ። እንደገና ጅማ ሄዱ፣ ከርመው መጡ። አጥንቱ ገጥሟል ተባለ፤ እሱ ግን መቆም አልቻለም። አልጋውን ታች ሳሎን ውስጥ ዘረጉለት። እድርተኛው እየመጣ ጠየቀው፤ የዓይኑም ነገር በዚያው ታወቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ዳኛ መረጡ። ሊነግረው የመጣው ባየ ነበር። ፈንታው፣ «ደግ አደረጋችሁ» ብቻ አለ።

መብራት የመጣ ዕለት ሲሞን ቁራጩን ይዞ መጥቶ በየደው። አማረች በረንዳ ላይ ቆማ አየችው። አልከለከለችውም፣ አላመሰገነችውምም።

ባዶ የቀረውን ላይኛውን ቤት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራየች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እየተጣደፉ ሲወርዱ ግድግዳው ይርገበገባል።

«እነማን ናቸው?» አላት አንድ ቀን ፈንታው።

«ተማሪዎቹ ናቸው።»

«ብረቱን ይይዛሉ?»

«ይይዛሉ» አለችው።

አይይዙም ነበር። ዝናብም ቢሆን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ ነው የሚወርዱት። ፈንታው እንደገና ጠየቃት፣ ሌላም ቀን ጠየቃት፤ እሷም ያንኑ መለሰችለት። ክረምቱ ሲገባ መጠየቁን ተወ። ከዚያ ወዲህ ሲሮጡም ሲስቁም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።