የጥፍር ቀለም በብሎን ላይ

እማማ ኪኑዮ ካይኑማ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት፣ በጓሮ በር ወጥተው ወደ አሮጌው የሽመና ፋብሪካ ይሻገሩና ትንሿን መኪናቸውን ይዞሯታል። አውራ ጣታቸውን ከብሎን ወደ ብሎን ያሳልፋሉ። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ ከራሱ ተነስቶ አጠገቡ እስካለው ብረት የሚዘልቅ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። መስመሩ እንደተሰመረ ካገኙት ብሎኑ አልተነቃነቀም ማለት ነው። ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል። ዓይናቸው እንደ ድሮው ስላልሆነ መስመሩን የሚያዩት በጣታቸው ነው፤ የደረቀው ቀለም ትንሽ ከፍ ስለሚል ይዳሰሳል።

ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ይገዙታል። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጄ ሳለ ሻጯ ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ይሄ ቀለም ያምርብዎታል እናቴ» አለቻቸው።

«ለእኔ አይደለም» አሉ ቦርሳቸውን እየዘጉ። «ለፍሬኑ ነው።»

ከተማችን ኪርዩ ውስጥ ያቺን መኪና የማያውቅ የለም። ከጥንቶቹ የቶዮታ ስፖርት መኪኖች አንዷ ናት፤ ወዳጆቿ «ዮታሃቺ» ይሏታል። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ቁመቷ ደረቴ ላይ አይደርስም። ጣሪያዋ ተነቅሎ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይተኛል። ሞተሯ በውሃ ሳይሆን በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ከአካጊ ተራራ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ መስኮት ሲያንኳኳ ይከርማል። እማማ ኪኑዮ «ይቺ መኪና ለዚህ አገር ነው የተወለደችው» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከመኪናዋ ይልቅ የሚሳሱላት ግን ለታርጋዋ ነው። የክፍለ ሀገራችን ስም፣ ጉንማ፣ እንደ ጥንቱ በአንዲት ፊደል ብቻ ተጽፎባታል፤ ከጎኗ አንድ ቁጥር አለ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ታርጋ አይሰጥም። መኪናዋ ክፍለ ሀገሩ ውስጥ እስከኖረች ድረስ ታርጋዋ አብሯት ይኖራል። ባለቤቷ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የገባ ዕለት ግን ተፈትቶ ይመለሳል፣ በአዲስ ይተካል፤ ያኛው ዳግም አይገኝም።

መኪናዋን ሲገዙ ወጣት ሸማኔ ነበሩ፤ የሸጠላቸው የከተማው የጥርስ ሐኪም ነው። ሲገዟት ወለሏ በዝገት ተበልቶ ከመቀመጫው ሥር መንገዱ ይታይ ነበር። ወደ ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ ዙሪያዋን አየና፣ «ባልሽን ላኪው፣ ከእሱ ጋር እንነጋገራለን» አላቸው።

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያው አባትሽን።»

አመሰገኑና ወጡ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መፍቻ ገዙ። ላሜራ መቁረጥን፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ እየመቱ ማጉበጥን፣ ብየዳን፣ ሁሉንም አበላሽተው አበላሽተው ተማሩት። በኋላ ያገቡት ቶኩጂ የሐር ክር ቀለም የሚነክር ሰው ነበር፤ የሚወደው ዓሣ ማጥመድ ነው፣ ከመኪና ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ከሞተ ቆይቷል። «ጥሩ ሰው ነበር» ይላሉ። «መፍቻዬን ነክቶብኝ አያውቅም።»

ሽመናው ተቀዛቅዞ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነውን አንዱን ክፍል ተከራዩ። የሰው መኪና መምጣት ጀመረ። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት አራት አሮጌ የስፖርት መኪኖች ኮፈናቸው ተከፍቶ ይቆማሉ። አንድ የቶኪዮ ሰው የራሱን አምጥቶ፣ ቀለሟ እንደ መስታወት እንዲያበራ ጠይቋቸው ነበር።

«ስትወለድ እንዲህ አታበራም ነበር» አሉት።

«እኔ ግን እንድታበራ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው መስታወት ግዛ።»

ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። በወሩ ተመለሰ። መኪናዋ ስትወለድ የነበራትን ቀለም ተቀብታ ወጣች።

ጥር ላይ እማማ ኪኑዮ በራቸው ላይ በረዶ አዳልጧቸው ወደቁና ቀኝ የእጅ አንጓቸው ዞረ። አንድ ልጃቸው ማሳፉሚ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር፣ ካዋጎኤ የሚኖር፣ አሁን ራሱም ጸጉሩ ሸብቷል፣ በማግሥቱ መጣ። እኔ ቤታችን አጎራባች ስለሆነ ሾርባ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ልወጣ ስል እማማ በዓይናቸው ተቀመጪ አሉኝ።

«እማዬ፣ በቃ፣ ካዋጎኤ ትመጫለሽ። ክፍሉን አዘጋጅተንልሻል።»

«መኪናዬስ?»

«ማቆሚያ አለ።»

«ታርጋዬስ?»

«ታርጋ! ታርጋ እኮ ቆርቆሮ ነው።»

«አንተስ ሥጋ አይደለህ? በሌላ ልቀይርህ?»

ማሳፉሚ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። አንጓቸው ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ አየ። «እሺ፣ በሚመጣው ወር መኪናዋ የመንግሥት ምርመራ አለባት አይደል? ማንም ሳይረዳሽ አዘጋጅተሽ፣ ራስሽ ነድተሽ አሳልፊያት። ካለፈች ካዋጎኤ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። ከወደቀች ግን ዕቃሽን ትጠቀልያለሽ።»

እማማ ኪኑዮ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ዘረጉለት፣ ልጆች ቃል ሲገቡ እንደሚቆላለፉት። ማሳፉሚ ወደ እኔ አየና ቀላ። ቢሆንም ጣቱን ሰጠ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በመስኮቴ አይቼዋለሁ። መፍቻውን በግራ እጃቸው ይዘው ካርቡሬተሩን ፈቱ፣ በናፍጣ አጠቡ፣ ገጠሙ። የፍሬኑን የላስቲክ ማሸጊያዎች ቀየሩ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ሁለቱን የፊት መብራቶች አበሩና ብርሃኑ ትክክለኛው ቦታ እስኪያርፍ የመብራቶቹን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞሩ። በመጨረሻ በየብሎኑ ላይ አዲስ ቀይ መስመር አሰመሩ። ላግዝዎት ብዬ አንድ ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ማንም ሳይረዳሽ ተብያለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በሩን ዝጊው፣ ይበርደኛል።»

የምርመራው ቀን ነፋሱ እንደ ልማዱ ነበር። ማሳፉሚ በዋዜማው መጥቶ አድሯል። እማማ ጠዋት ብሎኖቻቸውን ዳስሰው ጨርሰው፣ ቁርስ በልተው፣ ሻርፓቸውን ከፎቅ አምጥተው ሞተሩን አስነሡ። እናትና ልጅ ሁለቱን ወንበር ስለያዙ እኔ በአባቴ የጭነት መኪና ተከተልኩ፣ ብትቆም እንድጎትታት።

«ተከተይኝ» አሉኝ በመስኮት። «ግን አትጠጊኝ። የምትጎትችኝ ይመስላል።»

የምርመራ ጣቢያው ያለበት ማኤባሺ ስንደርስ ማሳፉሚ ወርዶ እኔ አጠገብ ቆመ። እማማ ብቻቸውን ወደ መመርመሪያው መስመር ገቡ። ወጣቱ መርማሪ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«እናቴ፣ አሽከርካሪው የታለ?»

«እያናገርከው ነው።»

ከመስመሩ በላይ ሰሌዳ አለ፤ ያለፈ በክብ፣ የወደቀ በመስቀል ይበራል። ፍሬኑ ክብ። የፍጥነቱ መለኪያ ክብ። ጭሱ ክብ። መሣሪያው ወደ መብራቶቹ ተንሸራተተ። ግራው ክብ። ቀኙ መስቀል።

ማሳፉሚን ቀና ብዬ አየሁት። የተወራረደና ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ጫማውን ያይ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አስተካክሎ እንደገና መግባት ይፈቀዳል። እማማ መኪናዋን አጥሩ ጥግ አቆሙና ከወንበሩ ሥር ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጡ። ነፋሱ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ እየጣለው ተንበረከኩ። በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ነጭ የብረት ቀለበት አወለቁና አውራ ጣታቸውን ብሎኑ ላይ አሳለፉ።

«ተቆርጧል» አሉ።

አጎንብሼ አየሁ። ግማሹ መስመር ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ብረቱ ላይ፣ ተለያይተዋል።

ማሳፉሚ ከኋላችን መጣ። «እማዬ፣ ተዪው። እዚህ ማሽን የለሽ፣ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ በምን ታውቂያለሽ?»

«ቤቴ ውስጥ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ» አሉ። ካቻቢቴውን በግራ እጃቸው ይዘው ብሎኑን ቀስ አድርገው መለሱት፤ ሁለቱ ቀይ ጫፎች ተገናኙ። በጣታቸው ደግመው ዳሰሱት። ቀለበቱን አልብሰው፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ማንንም ሳያዩ ገቡ።

ቀኙ ክብ።

ሌላ መርማሪ ከሥሯ ሆኖ በትንሽ መዶሻ ብሎኖቹን እየነካ አዳመጠ። እሱም አሳለፋት። ወጣቱ መርማሪ ሲሸኛቸው የታርጋዋን አንዲት ፊደል እያየ፣ «እንዲህ ያለ በሥራ ላይ አይቼ አላውቅም፣ እናቴ» አለ።

«እዚህ ቆይ» አሉት ማርሽ እያስገቡ። «በሁለት ዓመት መጥቼ አሳይሃለሁ።»

ስንመለስ ኪርዩ መግቢያ ላይ ካለችው ኑድል ቤት ገባን። እኛ አገር ኑድሉ እንደ መቀነት ሰፊ ነው፤ አንዱን ጫፍ ይዘህ እየሳብክ ትውጠዋለህ። እማማ እየሳቡ ይበላሉ። ማሳፉሚ ሳህኑን አልነካም።

«እማዬ፣ ብሎኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ብሎን?»

«የቀኙን መብራት። ዛሬ ጠዋት ሻርፕሽን ልታመጪ ፎቅ ስትወጪ።»

«መንገዱ ነው ያላላው።»

«እኔ ነኝ እያልኩሽ!»

«የአሮጌ መኪና ብሎን ይላላል። አንተ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?»

ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ሥራ ቦታ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንቺ የወደቅሽ ነው የሚመስለኝ። ደግመሽ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«ይቺ» አሉ በመብያ እንጨታቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። «እሷም ከሌለች ራሴ እነሳለሁ። ባለፈው ማን አነሳኝ? አሁን ብላ፣ ቀዘቀዘብህ።»

ጥቂት በላ። ቆይቶ፣ «ስለ ካዋጎኤ ሁለተኛ አላነሳም» አለ።

«አሁን አነሳህ።»

ሳቀ። አፉ ሞልቶ ስለነበር አነቀው፤ እማማ ጀርባውን መቱለት፣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ጠንከር አድርገው።

አሁን በየወሩ አንድ እሑድ ይመጣል። ሲደርስ ቱታ ይሰጡትና ከአንዷ መኪና ሥር ያስተኙታል። «ግራ! ግራህን አታውቅም?» ሲሉት እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። የበሩ ደረጃ ላይ መያዣ ብረት ይበየድ ብሎ ለመናቸው፤ ራሳቸው በየዱት፣ እሱ ያዘላቸው። ታርጋዋ እንዳለች ናት።

ይህን ለመኸሩ የአሮጌ መኪኖች በዓል መጽሔት እንደምጽፍ ነገርኳቸው። መጀመሪያ፣ «ስለ እኔ ምን አለ የሚጻፍ?» አሉ። ከዚያ የሚጻፈውን ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ መካኒኩን እንዳልረሳ፣ ምርመራውን እንዳልረሳ። የብሎኑንም ጻፊ፣ ልጄም ይጻፍ ብሏል አሉ። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ ብለው ለመኑኝ፤ እሷን ግን መተው አልቻልኩም።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ሻርፓቸውን በእጃቸው እንደያዙ በፎቁ መስኮት ወደ ታች አይተው ነበር። የፋብሪካው በር ክፍት ነው። ልጃቸው ቀኙ መብራት ፊት ተንበርክኳል። መውረድ ይችሉ ነበር። ብሎኑን እዚያው መመለስም ይችሉ ነበር። ግን የእሱ ዓይን እያየ ሊመልሱት ፈለጉ፤ ስለዚህ ጨርሶ እስኪነሳ እዚያው ቆሙ። ሲያዩት፣ የመብራቱን ቀለበት ከማውለቁ በፊት የካቻቢቴውን ጫፍ በመሐረቡ ጠቀለለው፤ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እሳቸው እንዳስተማሩት።

«አልጫረውም እኮ» አሉኝ፣ ጣታቸውን በመብራቱ ቀለበት ዙሪያ እያዞሩ። «እይው፣ የትም ቦታ አልጫረውም።»