ጋሽ ቱምቢና ያዘነበለው በርጩማ

ለጋሽ ቱምቢ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ያንን ስም ዛሬ የሚያውቁት ግን ባለቤታቸውና መታወቂያቸው ብቻ ናቸው። ቱምቢ ያሏቸው ግንበኞች ናቸው። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የተንጠለጠለበት ክር አለ አይደል? ቱምቢ ማለት እሱ ነው። ጋሽ ቱምቢ ደግሞ አናጢ ሆነው ሳለ፣ በር ሊገጥሙ በሄዱበት ሁሉ የሰውን ግድግዳ በዓይናቸው ብቻ ለክተው፣ "ይሄ ወደ ግራ ሁለት ጣት ሄዷል" ይላሉ። ግንበኛው በንዴት ክሩን ሲያወርድ፣ ሁለት ጣት! አንድ ተኩል ሆኖ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይወዳል? ስም አውጥተውላቸው ተገላገሉ።

ጠማማ ነገር ካዩ ዕረፍት የላቸውም። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ያቃናሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ብድግ ብለው የሟቹን ፎቶ አስተካክለው ተመልሰው ተቀመጡ። ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሞቶ እንኳ አያርፍም ካንተ?" አሏቸው። ጋሽ ቱምቢም በሹክሹክታ፣ "አሁን ገና አረፈ" ብለው መለሱ።

ጋለሪ ያስገባቸውም ይኸው አመላቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት፣ የተማሪ ዴስክና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ሥራውን ለወንድማቸው ልጅ አስረክበው ቤት ዋሉ። ቤት መዋላቸውን ባለቤታቸው የቻሉት ሁለት ሳምንት ነው። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ሦስቴ ተነቅሎ ሦስቴ ሲተከል፣ "እባክህ የሚያሠራህ ፈልግ፤ ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ መደርደሪያው ይወጣል" አሉ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን አንድ የሥዕል ጋለሪ መስኮት እንዲጠግኑ ጠራቸው። ጠግነው ሲወጡ፣ እግረ መንገዳቸውን ሦስት ሥዕል አቃኑ። ሦስተኛውን ሠዓሊው ራሱ አስቦበት ዘመም አድርጎ የሰቀለው ነበር።

የጋለሪው ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ቀልጣፋ ሴት ናት። ይህን አይታ ስትስቅ ቆየችና፣ "ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ንድፍ ይማራሉ። ወረቀት ላይ ያሰቡትን በእጃቸው እንዲሠሩት እንፈልጋለን። እንጨት የሚያስይዛቸው ሰው ግን አጣን" አለቻቸው። ጋሽ ቱምቢ የሚያስቡበት ለመምሰል ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያውም ዘመም ብሏል። "ይሁን እንግዲህ" አሉ።

ከጋለሪው ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አሥራ አንድ ልጆች ተሰጧቸው። ትንሹ አሥራ አራት፣ ትልቁ አሥራ ስምንት። መጋዝ አያያዝ አስተማሯቸው፣ መላጊያ አስገፏቸው፣ ኮላ አስቀቧቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋሽ ቱምቢ ማስተማር ይወዳሉ፤ የተማረው ሰው የሠራውን ማየት ግን አይችሉም። ልጆቹ ደግሞ መልስ አያጡም። መጋዙ ከመስመር ሲወጣ፣ "ሆን ብዬ ነው ጋሼ።" መደርደሪያው ሲንሻፈፍ፣ "ሆን ብዬ ነው።" አንዱማ የጠረጴዛውን አራተኛ እግር አሳጥሮ ቆርጦ ሲያበቃ፣ "ዲዛይኑ ሦስት እግር ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ ቱምቢ ይህቺን "ሆን ብዬ ነው" ከመልመዳቸው ብዛት መስማቷን ተዉት።

ታዲያ ልጆቹ ለምሳ ሲበተኑ፣ እሳቸው "ዕቃውን ላስቀምጥ" ብለው ይቀራሉ። መጀመሪያ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አደረጉ። ይህ ምን ክፋት አለው? በሳምንቱ የላላውን አጠበቁ። በሦስተኛው የአንዱን መሳቢያ አውጥተው በመላጊያ ላጉት። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ልጆቹ ሲመለሱ ሥራቸው አምሮ ያገኙታል፤ "አየህ፣ ኮላው ሲደርቅ ራሱ ይቃናል" እየተባባሉ ይደነቃሉ። ጋሽ ቱምቢ ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ ይላሉ።

ከአሥራ አንዱ መሃል ረጅሟ የሚሏት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርቱ የሚፈጀውን ስምንት ቅዳሜ ሁሉ አንድ በርጩማ ላይ ጨረሰችው። የኋላ እግሮቹ ከፊት እግሮቹ አራት ጣት ይበልጣሉ፤ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው፣ መቀመጡን ይቀመጣሉ፣ ያለ ሰው መነሳት ግን የለም። ስፌት ሲጨርሱ "ነይ አንሺኝ" ይላሉ፤ ረጅሟ ደብተሯን ጥላ ትመጣለች። ከሁለቱ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ተመድባለች፤ የምትሄደው የቅዳሜው ትምህርት እንዳለቀ፣ ሰኞ ነው። እማዬን ማን ያነሳል? ይህን ስታስብ፣ ከወንበራቸው የኋላ እግሮች ሥር መጽሐፍ እየደረደረች ሞከረች። አራት ጣት ከፍ ሲል እናቷ ብቻቸውን ብድግ አሉ። በርጩማው የተወለደው እንዲህ ነው። ሁሉንም በንድፍ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ጋሽ ቱምቢ ግን ደብተር አያነቡም። "ሆን ብዬ ነው ጋሼ" ስትላቸውም፣ "እሺ የኔ ልጅ" ብለው አለፉ።

የልጆቹ ሥራ ለሕዝብ የሚታየው በዘጠነኛው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ቱምቢ ብቻቸውን ገብተው ዕቃውን ሲደረድሩ፣ አረንጓዴ የተቀባው በርጩማ ፊታቸው አጎንብሶ ቆሟል። አዩት። አልፈውት ሄዱ። ተመልሰው አዩት። "ነገ ሰው ሁሉ መጥቶ፣ ይቺን በመሰለች ልጅ ሊስቅባት ነው?" አሉ። አንጀታቸው አልቻለም። መጋዙን አነሱ። ሁለቱን የኋላ እግሮች አራት አራት ጣት ቆረጧቸውና ጫፎቻቸውን አረንጓዴ ቀለም ነካ ነካ አደረጓቸው። ቁራጭ እንጨት መጣል ነውር ነውና ሁለቱን ቁራጮች ኮት ኪሳቸው ከተቱ። በርጩማው ቀጥ አለ። በዚያ ቀን ራታቸውን በደንብ በሉ።

ቅዳሜ ክፍሉ ግጥም አለ። ኃላፊዋ በሩ ላይ "ይንኩ፣ ይክፈቱ፣ ይቀመጡ" ብላ ለጥፋለች። ረጅሟ እናቷን ደግፋ አስገባችና በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሰዉ አጨበጨበ። "በይ እማዬ፣ ለብቻሽ ተነሺ" አለች በኩራት።

እናቷ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ግማሽ መንገድ ተነሱና መልሰው ዘፍ አሉ። ደገሙ። በሦስተኛው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። "ሰው ፊት አታዋርጂኝ የኔ ልጅ፤ ነይ አንሺኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ አነሳቻቸው። ከዚያ በርጩማውን ገልብጣ የእግሮቹን ጫፍ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው፤ ቀለሙ ጣቷን አረንጓዴ አደረገው። የእሷ ቀለም ከደረቀ ሳምንት አልፎታል። "ማነው የቆረጠው?" አለች።

ጋሽ ቱምቢ ክው አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሲቆርጡ ማንም አላያቸውም፤ ዝም ቢሉ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ግን የሴትዮዋ ከንፈር ዓይናቸው ላይ ቀረ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ሁለቱን አረንጓዴ ቁራጮች አውጥተው የልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት። "እኔ ነኝ" አሉ።

"ሆን ብዬ ነው ብዬዎት ነበር እኮ!"

"ብለሽኛል።"

"ለምን ብለው አልጠየቁኝም!"

"አልጠየቅኩሽም" አሉ ጋሽ ቱምቢ፤ አንገታቸውን ደፉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ አፍረው አያውቁም።

ከጀርባ አንዱ ልጅ፣ "ቆይ ጋሼ፣ የኔስ መሳቢያ?" አለ። "የኔም እጅ አለበት" አሉ ጋሽ ቱምቢ። "የኔ መደርደሪያስ?" "እሱም።" "የኔ መስታወት ማቀፊያ?" "እሱን ሁለት ጊዜ።" ሰዉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ባለ ሦስት እግሩ ጠረጴዛ ጌታ ብቻ ደረቱን ነፋ፤ "የኔን ያልነኩት ምን ቢያምር ነው!" አለ። ጋሽ ቱምቢ "የኔ ልጅ፣ እሱን እግዜርም አያቃናው" ሊሉ ነበር፤ ዋጡት።

ረጅሟ አልሳቀችም። "እስከ ነገ ካልተጠገነ ሰኞ አልሄድም" አለች። ቀልዷን አልነበረም።

"አሁኑኑ ልሥራልሽ።"

"አይ። እኔ እሠራዋለሁ፤ እርስዎ ይያዙልኝ።"

ሰዉ ሲወጣ፣ ጋሽ ቱምቢ ወገባቸውን እየረገሙ ተንበርክከው በርጩማውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ኮላ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች፤ እግሩንም ቁራጩንም መሃል ለመሃል በስታ የእንጨት ችንካር ልትከትበት ነው። መሰርሰሪያው ትንሽ ወደ ግራ ሄደ። ጋሽ ቱምቢ አፋቸውን ከፈቱ። ቀና ብላ አየቻቸው። አፋቸውን ዘጉ። ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ፣ "ለምን አራት ጣት አደረግሽው? ለምን ሦስት አልሆነም?" ብለው ጠየቁ። ስምንት ቅዳሜ ዘግይተው ጠየቁ። እሷም እየበሳች ስለ መጽሐፎቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሰኞ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ኮላው ተቀብቶ እግሮቹ በገመድ ጥፍር ተደርገው ሲያበቁ፣ ኃላፊዋ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ ምን አስተማሩ?" አለቻቸው። "እንጨት ጨምድዶ የሚይዘውን ሞርሳ ሆኜ ዋልኩ" አሉ።

እሑድ ከሰዓት ኮላው ደርቆ ነበር። እናቷ መጡ። ከእናትና ልጅ ሌላ ጋለሪው ውስጥ የነበሩት ኃላፊዋና ጋሽ ቱምቢ ብቻ ናቸው። እናትየው ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ቅዳሜ ያፈሩት እፍረት ገና ፊታቸው ላይ አለ። ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከዚያ ቆሙ። ሁለት እጃቸው ባዶ ነው።

"ኧረ!" አሉ። ተቀመጡ፣ ተነሱ። ደግመው ተቀመጡ፣ ተነሱ። በአምስተኛው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ጋሽ ቱምቢ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ደስ ብሏቸው ነው፣ አፍረውም ነው፣ የቱ እንደሚበልጥ አላወቁትም። ልጅቷን ይቅርታ ሊጠይቁ ዞር አሉ።

ረጅሟ ግን አላየቻቸውም። እናቷ የተነሱበት በርጩማ ላይ ዘፍ ብላ፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከቤት ርቃ አላደረችም። መሄዷ የምር መሆኑ ገና አሁን ገባት።

እናቷ ማንም ሳይደግፋቸው አጠገቧ ቆመው ፀጉሯን ደባበሷት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት።

"በይ ተነሺ የኔ ልጅ፤ ሻንጣሽ እኮ ገና አልታሰረም።"