የተጠረገ ግቢ አፈር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አፈር ልመረምር ተዘጋጅቼ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ሳጥብ ዋልኩ። መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በውሃ በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ፣ በመጨረሻ በተጣራ ውሃ። የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሺያን ጋሽ ንጉሤ አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩና መለሱልኝ።

«ይኼን ድገሚው።»

«ንጹሕ ነው እኮ፣ ጋሽ ንጉሤ።»

«ለሻይ ንጹሕ ነው። ለእኛ ሥራ ገና ነው።»

የማስተርስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለች አነስተኛ የአፈር ላብራቶሪ በረዳትነት ከተቀጠርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚገቡ ረዳቶች ነው። ዓመት ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ስለሚረሳ አሁኑኑ ልጻፈው አልኩ።

ሥራችን የከተማ አፈር ውስጥ የሚገኙትን እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መለካት ነው። አፈሩ ውስጥ ምን ያህል አለ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ዋናው ሁለተኛው ነው፦ ሕፃን ልጅ አቧራ የነካ እጁን ቢልስ፣ ከዚያ ውስጥ ሆዱ ገብቶ የሚሟሟው፣ ወደ ደሙም ሊያልፍ የሚችለው ምን ያህሉ ነው? ይህን ለማወቅ አፈሩን በደቃቅ ወንፊት እንነፋዋለን፤ እጅ ላይ የሚጣበቀው ደቃቁ ነውና። ከዚያ እንደ ጨጓራ አሲድ ተደርጎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረን፣ በሰው ገላ ሙቀት እያሽከረከርን እናቆየዋለን። ተጣርቶ የወረደውን መለኪያ መሣሪያው ያነበዋል። ጋሽ ንጉሤ ማሽከርከሪያውን «ሆዱ» ይሉታል። «ሆዱን አበላሽው?» ካሉኝ ናሙናው ገብቷል ወይ ማለታቸው ነው።

ለማነጻጸሪያ ከመኪና መንገድና ከጋራዥ የራቀ አፈር ያስፈልገናል። ለዚህ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ ወጣን። የወደቀውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ አፈሩን በማይዝግ ማንኪያ ስዝቅ፣ ከጠበል የሚመለሱ አንዲት እናት ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም እማማ፤ አፈሩን ልንመረምር ነው።»

«አፈርም ይታመማል?»

ጋሽ ንጉሤ ቀደሙኝ። «እሱስ አይታመምም እማማ፤ ያሳምማል እንጂ።»

ወይዘሮ ሐያት የሚኖሩት የካ ሚካኤል አካባቢ ነው፤ ራሳቸው ናቸው የጠሩን። እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ ሕፃናትን በግቢያቸው ያውላሉ። ከአጥራቸው ወዲያ ለብዙ ዘመን የመኪና ባትሪ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ባትሪ ደግሞ ውስጡ እርሳስ ነው። መጠገኛው ተዘግቷል፤ አንዲት እናት ግን «አፈሩስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልሱ መጥፎ ከሆነ ልጆቹ ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ወይዘሮ ሐያትም መተዳደሪያቸውን ሊያጡ ነው።

የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሰብለ በዋዜማው ደውለው እንደምንመጣ ነገሯቸው። ስንደርስ ግቢው እንደ ሰርግ ቤት ጸድቷል። ውሃ ተረጭቶ ተጠርጓል፤ የመጥረጊያው መስመር እንኳ መሬቱ ላይ ይታያል። አመስግነን ከተለያየ ቦታ ዘገንን።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። እርሳሱ ከእንጦጦው አፈር ብዙም አልራቀም። ዶክተር ሰብለ «ደስ የሚል ዜና ነው፤ ነገ ይነገራቸው» አሉ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አፈሩን የነፋሁት እኔ ነኝ። ከሌሎች ግቢዎች አፈር ወንፊቱን አልፎ የሚወርደው ደቃቅ ብዙ ነው፤ ከዚህኛው የወረደው ግን ከቁንጣሪ አይበልጥም፤ ጠጠሩ ሁሉ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ኃላፊ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልለመድኩም። ቢሆንም በራቸውን አንኳኳሁ።

«ዶክተር፣ አፈሩ እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? ለካነው አይደል?»

«የለካነው ከመጥረጊያ የተረፈውን ነው። ስለምንመጣ ጠርገውታል። በልጆቹ እጅ ላይ የሚጣበቀው አብሮ ሄዷል።»

ጋሽ ንጉሤ ከኋላዬ ሳቁ። «ታዲያ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግቢውን ሳይጠርግ የሚጠብቅ ማን አለ?»

ዶክተር ሰብለ አልሳቁም። «እንግዳ ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተመለሱ።»

ወይዘሮ ሐያት ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ቆሻሻ ላይ ልቀበላችሁ ኖሯል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ጽዳትዎ እንከን የለውም፣ እትዬ» አልኳቸው። «የጠረጉትን አቧራ ግን የት ያደርጉታል?»

ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆሙ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጥጉ ላይ ሁለት ሕፃናት በጣሳ የአፈር ወጥ ይሠራሉ። አንዷ ጣቷን ላሰች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

የጥጉ አፈር እርሳስ የበዛበት ነበር፤ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው «ሆዱ» ውስጥ ሟሟ። ውጤቱን ሊነግሩ ዶክተር ሰብለ ራሳቸው አብረውን መጡ።

«ልዝጋው?» አሉ ወይዘሮ ሐያት።

«አይዝጉት» አሉ ዶክተር ሰብለ። «የልጆቹ ደም ይመርመር። የጥጉ አፈር ተነሥቶ ግቢው የሲሚንቶ ሊሾ እስኪሆን ድረስ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይዋሉ። ከመብላታቸው በፊት እጃቸው በሳሙና ይታጠብ።»

ወይዘሮ ሐያት ወደ እኛ ዞሩ። «ደህና ነው ብትሉኝ ኖሮ እኮ አምናችሁ ነበር።»



ጥጉ ላይ ይጫወቱ የነበሩት የሁለቱ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሐኪሙ ቶሎ መምጣታቸው በጀ ብሎ ክትትል ጀመረላቸው፤ ምርመራው ሲደገም መጠኑ ወርዶ ነበር። የሕፃናት ማቆያው አልተዘጋም። ወላጆች ቅዳሜ ተሰብስበው ሲሚንቶውን አቦኩ፤ ሊሾው ሲደርቅ ዶክተር ሰብለ በላብራቶሪው ሠራተኞች ፊት «ይህን ያየችው እሷ ናት» አሉ። አንገቴን ደፋሁ፤ ኩራቴን ግን አልደብቅም።

ለምትመጡት የምለው ይህን ነው። ናሙና ከመዝገናችሁ በፊት ግቢው መቼ እንደተጠረገ ጠይቁ። ጥራጊው የት እንደሚጣል ጠይቁ። ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ ግን አትጠይቁ፤ ቆማችሁ እዩ።