በጧፉ ዙሪያ ያየሁት ቀለበት

መጀመሪያ ያየሁት ቀለበት ነው። በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ለኪዳን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጧፌን ለኮስኩ። በነበልባሉ ዙሪያ ክብ ብርሃን ቆሞ አየሁ። ውስጡ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ቀይ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት። አልጠፋም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ታየኝ። በራሷ ዙሪያ የተሳለውን አክሊለ ብርሃን ሳይ ተንበረከክሁ።

የሺ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አማኑኤል ከተማ ነው የምኖረው። ሥራዬ ጧፍ መሥራት ነው። ከንብ አርቢዎች ሰፈፍ እገዛለሁ፣ አቅልጬ አጠራዋለሁ፣ ፈትሉን በሰሙ እየነከርኩ አወጣዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሰም እጄ ላይ ሲደርቅ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የጧፍ ብርሃን ምን እንደሚመስል ማንም አያስተምረኝም። ያን ቀን ያየሁት ነገር ከጧፉ እንዳልመጣ ወዲያው አውቄአለሁ። ያላወቅሁት ከዓይኔ መምጣቱን ነው።

ጸጋ መሰለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ይህን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ጸጋ የተሰጠው ሰው ይሰውረዋል፣ ካወራው ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ለባለቤቴ ለገበየሁ እንኳን አልነገርኩትም። ገበየሁ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ለሁሉም ነገር ማስረጃ ይጠይቃል።

ቀለበቱ ይመላለስ ጀመር። ጨለም ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይመጣል፣ ወደ ፀሐይ ስወጣ ይጠፋል። አብሮት ከቀኝ ቅንድቤ በላይ የሚወጋ ሕመም ይመጣል፤ እሱም ደጅ ትንሽ ስቆይ ይተወኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ነገር ያጠራጥረው ነበር። እኔ ግን ተረጎምኩት። ጸጋው ከመቅደሱ አይወጣም አልኩ። ሕመሙም ለጸጋው የምቀበለው መከራ ነው አልኩ። የትርጓሜ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ለራሴ ሲሆን ግን የማልተረጉመው አልነበረም።

«ዓይንሽ ቀልቷል» አለኝ ገበየሁ አንድ ቀን።

«የሰም ጭስ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ያላቀላሽ ጭስ ዛሬ አቀላሽ?»

ተነሥቼ ወደ ሰሜ ሄድኩ። እሱም ተወኝ።

ስቅለት ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ ከሌላው ቀን ይበልጥ ጨልሟል። እኔ አክፍዬ ነበር፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ የማልቀምስ ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰገድን። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ቀኝ ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ መጨለሙ ሲነበብ፣ ቀና አልኩ። ከፊቴ ያለው ጧፍ በግራ ዓይኔ ይታየኛል። በቀኙ የለም። ጉም ነው። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። እየተደገፍኩ ወጥቼ ዛፍ ሥር አስመለሰኝ። ባዶ ሆዴን ስለነበርኩ ሐሞት ብቻ ወጣ።

ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ግን ፍርሃቴንም ተረጎምኩት። ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት ጨለማ ሆነ፣ ለእኔም ከጨለማው ደረሰኝ አልኩ። ተመልሼ ገባሁ። ሰገድኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰገድኩ። ቀኝ ዓይኔ የጠፋው በነዚያ ሰዓታት ነው። ያጠፋው ሌላ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።

የስቅለት ጸሎት ሲገባደድ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ምእመኑ ተራ በተራ እየቀረበ ኃጢአቱን ይናገራል፣ ካህኑ ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርጎ የሚሰግደውን ቁጥር ይሰጠዋል። ጥብጠባ ይባላል። ግድግዳ እየዳበስኩ የንስሐ አባቴ ቄስ አስረስ ዘንድ ቀረብኩ። የተዘጋጀሁት ሐሜትና ቁጣ ልናገር ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ቀለበቱ ሆነ። ቀለሙን፣ ሕመሙን፣ ጉሙን ሁሉ ነገርኳቸው። ወይራው እንደተነሣ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁለተኛው ሳምንት።»

«ሲመጣ ያምሻል?»

«ያመኛል፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ከእግዚአብሔር የሆነ ብርሃን ዓይን አያሳምምም። ይህ በሽታ ነው።»

በወይራው አልመቱኝም። «ንስሐሽ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አንዲት ስግደት እንዳትጨምሪ» አሉኝ። ገበየሁን በዓይናቸው ፈልገው ጠሩትና እጄን አስያዙት።

በዚያ ሰዓት መኪና አልነበረም፤ መንገዱም በዚህ ዘመን ሲመሽ የሚደፈር አይደለም። ጠዋት እስኪሆን ጠበቅን። ስለዚያ መቆየት ብዙ አልጽፍም። ግራ እጄን በግራ ዓይኔ ላይ ስከድን የክፍሉ መብራት መብራቱን አላውቅም ነበር፤ ይህን ማለት ይበቃል።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባን። ቀዳም ሥዑር ስለነበር በሆስፒታሉ ኮሪደር ግማሹ ሰው ራሱ ላይ ቄጤማ አስሯል። የዓይን ሐኪሟም አስራለች። ወጣት ናት። የቀኝ ዓይኔን ክዳን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በመሣሪያ ለካችኝ።

«የዓይን ግፊት ከሃያ አንድ ሲያልፍ ያሳስበናል» አለች። «የእርስዎ ቀኝ ዓይን ስልሳ ሁለት ነው። ግላኮማ ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የእርስዎ አንግል ክሎዠር የሚባለው ነው። ዓይን ውስጥ የሚመላለስ ውሃ አለ፣ መውጫው ተዘግቶበታል።»

«ጨለማ ውስጥ ለምን ይብሳል?»

«ጨለማ ውስጥ ብሌንዎ ይሰፋል፤ ሲሰፋ መውጫውን ይዘጋዋል። ፀሐይ ላይ ይጠባል፣ መውጫው ይከፈታል።»

«ቀለበቱስ?»

«ግፊቱ ሲጨምር የዓይን ስስ ሽፋን ውሃ ይቋጥራል። ብርሃን በዚያ ሲያልፍ ቀለም ያወጣል፣ እናቴ። ሌላ ነገር አይደለም።»

ሌላ ነገር አይደለም። አንድ ወር ከምናምን የተንበረከክሁለት ነገር ውሃ ነበር።

ኪኒን ሰጠችኝ፤ አሴታዞላማይድ ይባላል። ገበየሁ ውሃ አመጣ። እጄን አልዘረጋሁም። «ትንሣኤው ሲበሠር እውጠዋለሁ» አልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

«የቀኙ ነርቭ እየሞተ ነው» አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የግራው መውጫም ጠባብ ነው። በማንኛውም ሰዓት ሊዘጋ ይችላል። እስከ ነገ ከጠበቁ ሁለቱንም ሊያጡ ይችላሉ።»

ሰማሁ። ገባኝ። እጄ ግን እንቢ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አክፍሎት ሰብሬ አላውቅም። ዓይኔ እየጠፋ፣ እኔ ጾሜን እቆጥራለሁ። ገበየሁ እንደ ልማዱ ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ቄስ አስረስ ጋ ደወለ። ቄጤማ እያደሉ በየቤቱ እየዞሩ ነበር፤ የቃጭሉ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ሐኪሟ ያለችውን ነገራቸውና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው።

«ልጄ፣ ጾሙ የተሠራው አንቺ እንድትድኚ ነው። ዋጪው።»

«አባቴ፣ አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው።»

«ገዝቼሻለሁ! ዋጪው!»

ከቄስ አፍ የወጣ ግዝት እኛ አገር አይጣስም። ዋጥኩት። ውሃው በጉሮሮዬ ሲወርድ አለቀስኩ። ከዚያ በደም ሥሬ ማኒቶል የሚባል መድኃኒት ሰጡኝ፣ ቲሞሎልና ፓይሎካርፒን የሚባሉ ጠብታዎች ጨመሩልኝ። ከሰዓት በኋላ ራሴን የያዘው ሕመም ላላ። የፋሲካን ደወል የሰማሁት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

ግፊቱ ወረደ። ቀኝ ዓይኔ ግን አልተመለሰም፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያይም። የቀረችኝ ግራዋ ናት፤ እሷም እንዳትዘጋ ባሕር ዳር ሄጄ ሌዘር እንድሠራ ወረፋ ተያዘልኝ። አሥራ ሁለት ቀን ቤቴ ሆኜ መጠበቅ ነበረብኝ።

እነዚያ ቀናት ከስቅለቱ ይልቅ አስፈሩኝ። በየማለዳው ከአልጋ ሳልወርድ ቀኙን በመዳፌ እሸፍናለሁ። በግራዬ መስኮቱን እፈልጋለሁ። አለ? አለ። እተነፍሳለሁ። ጠብታዬን አደርጋለሁ። ጨለማ ክፍል አልገባም። አጎንብሼ አልሠራም። ሰም አላቀልጥም። ለወትሮው ኪዳን በምደርስበት ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ፀሐይዋን እጠብቃለሁ።

መታወር ብቻ አልነበረም የሚያስፈራኝ። ጸጋ ያልኩት በሽታ ከሆነ፣ እስከዛሬ የጸለይኩትስ ምንድን ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቤቱ መብራት ስሠራ ኖሬ የራሴን መብራት ያጠፋብኝ እሱ ነው? ለማማተብ እጄን ሳነሣ እጄ ይከብደኝ ጀመር። ይህኛውን ጨለማ የሚለካ መሣሪያ የለም። ለገበየሁ አልነገርኩትም። ደግሞ ደበቅሁ፤ እንዳልማርኩ ታያላችሁ።

ቄስ አስረስ ሊጠይቁኝ መጡ። መስቀላቸውን ሲያወጡ ሳልሳለም ፊቴን አዞርኩ። መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ተናገሪው» አሉኝ።

«እግዚአብሔር አታለለኝ፣ አባቴ» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀለበቱ የበሽታ ነው፤ ሐኪሟ ነግራሻለች» አሉ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሁሉ ሳምንት ደብቀሽው ከርመሽ፣ በስቅለት ዕለት እኔ ፊት ስትቆሚ ያናገረሽ ማን ነው? ልትናገሪ ያሰብሽው ሌላ ነበር አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ እኔ ብርሃን የምለው እሱን ነው። ዘግይቶብሻል፤ ግን አልጠፋም።»

ብዙ አላወሩም። መስቀሉን አነሡ፣ ተሳለምኩ። ፍርሃቴ ያን ቀን አለቀልኝ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል፤ ማማተብ ግን ጀመርኩ።

ሌዘሩ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። አገጬን መሣሪያው ላይ አሳርፌ፣ ዓይኔ በጠብታ ደንዝዞ፣ ሐኪሙ «አይንቀሳቀሱ፣ እናቴ» እያለ በብሌኔ ዙሪያ ባለው ቀለም ላይ ለውሃው የስፌት መርፌ ጫፍ የማይሞላ ቀዳዳ ከፈተልኝ፤ ቀኙንም እንዳያመኝ ብሎ እንደዚያው አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ገበየሁ እጄን ይዞኝ ወደ ገበያ፣ በኋላ ብቻዬን ወደ ጎረቤት፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወደ ሰሜ ተመለስኩ፤ ርቀት መገመት ስለሚያቅተኝ ትኩሱን ሰም ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ላይ አፍስሼ፣ ገበየሁም የወይዘሮዋን ጧፍ የሚገዛ ከቁስል ቅባት ጋር ይግዛ እያለ እየቀለደብኝ፣ ፈትሉን በጣቶቼ እየዳሰስኩ መንከር ለመድኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ለኪዳን የተመለስኩት። ገና በደንብ አልነጋም። በሩ ላይ እግሬ ተያዘ፤ ያ ጨለማ ዳግመኛ ይዘጋኛል ብዬ ፈራሁ። ገብቼ ራሴ የሠራሁትን ጧፍ ለኮስኩና በግራ ዓይኔ አየሁት። ቀለበት የለውም። ትንሽ፣ ቢጫ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ተራ ነበልባል ነው። ከፊቴ የቆሙትን የቄስ አስረስን ፊት አሳየኝ፤ ሳቅ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሁሉ አክሊል ይልቅ ይቺ ተራ ነበልባል ትበልጥብኛለች፤ ቆሜ አለቀስኩ።

ከጸሎት በኋላ ሴቶቹ እንዴት ሆንሽ ብለው ከበቡኝ። ያኔ ሁሉንም በአደባባይ ነገርኳቸው፤ ጸጋ መስሎኝ ነበር ያልኩትንም ሳልደብቅ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሲበታተኑ እትዬ ወርቄ ነጠላዬን ይዘው ግቢው ውስጥ ወዳለ ዋርካ ሥር ሳቡኝ። ባል የሞተባቸው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ሴት ናቸው።

«ቀለበቱ... ጠርዙ ቀይ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ቀይ ነው።»

«ውስጡ ሰማያዊ?»

እጃቸውን ያዝኩ። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አብረን ገባን።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በመብራት ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት የምታዩ፣ ወይም እናታችሁ ጨለማ ስትገባ ራሴን የምትላችሁ፣ የዛሬን ቀን አታሳልፉ። ግፊቱን የሚለካ ሰው ፈልጉ። ጾም ገባ ብላችሁ ጠብታችሁን አታቋርጡ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ እንደ እኔ ለራሳችሁ አትተርጉሙ። ሐኪሟን፣ ገበየሁን፣ የገዘቱኝን አባቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እትዬ ወርቄ በጊዜ ደርሰው ሁለቱም ዓይኖቻቸው ያያሉ። የእኔ ቀኝ የጠፋው የእሳቸው እንዲተርፍ ነው ይሉኛል አንዳንድ ሰዎች። እኔ አላውቅም፤ መተርጎም ትቻለሁ። በየማለዳው ጧፌን እለኩሳለሁ፣ ቀለበት አለመኖሩን አያለሁ፣ ተመስገን እላለሁ።